የቫይታሚን ሲ እንክብልን በቡሬት መለካት፦ ከሚዛን እስከ ስሌት

ጥያቄው በተለያየ አነጋገር ይምጣ እንጂ አንድ ነው። «ኤችፒኤልሲ (በፈሳሽ ውስጥ ያሉ ነገሮችን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ) የለንም። እንክብሉ ላይ 500 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ተብሎ ተጽፏል። እውነት መሆኑን በምን እናረጋግጥ?» የፋርማሲና የኬሚስትሪ ተማሪዎች ይጠይቁኛል፤ የኮሌጅ ቤተ ሙከራ የሚያዘጋጁ ቴክኒሻኖችም ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ አንድ ጊዜ በሙሉ ልጻፈው።

ቡሬት (ፈሳሽን እየለካ በጠብታ የሚለቅ ባለ መክፈቻ የመስታወት ቱቦ)፣ እስከ 0.1 ሚሊ ግራም የሚያነብ ሚዛንና ንጹሕ ፖታሲየም አዮዴት ካለዎት ሊታመን የሚችል ቁጥር ማግኘት ይችላሉ። «ሊታመን የሚችል» ማለቴ በምክንያት ነው። ቀለም የሚቀየርበትን ጠብታ ማግኘት ለጀማሪም አይከብድም። ያ ጠብታ የለካው ቫይታሚን ሲን ብቻ መሆኑን ማሳየት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት እርምጃዎች ጊዜ ቢያጥርዎ የእንክብሉን ድግግሞሽ ይቀንሱ እንጂ ባዶ ሙከራውን (ያለ እንክብል የሚሠራውን) እና የማመሳከሪያ ሙከራውን (ንጽሕናው በታወቀ ቫይታሚን ሲ የሚሠራውን) ፈጽሞ አይዝለሉ።

አሠራሩ የሚቆምበት መሠረት

ቫይታሚን ሲ፣ በኬሚስትሪ ስሙ አስኮርቢክ አሲድ፣ ኤሌክትሮን በቀላሉ ይሰጣል። አዮዲን ሲገጥመው አዮዲኑን ቀለም ወደሌለው አዮዳይድ ይለውጠዋል፤ ራሱ ደግሞ ኦክሳይድ ይሆናል። ልውውጡ አንድ ለአንድ ነው፤ አንድ ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ) አስኮርቢክ አሲድ አንድ ሞል አዮዲን ይጨርሳል። ቫይታሚኑ እስካለ ድረስ የሚገባው አዮዲን ሁሉ ይጠፋል። ቫይታሚኑ ባለቀበት ቅጽበት የተረፈው የመጀመሪያ አዮዲን ከስታርች ጋር ተገናኝቶ ፈሳሹን ሰማያዊ ያደርገዋል።

አዮዲኑን በቀጥታ ቡሬት ውስጥ መጨመርም ይቻላል፤ ብዙ መማሪያዎችም የሚያሳዩት ይህንን ነው። ችግሩ አዮዲን ይተናል፤ ትናንት 0.05 ሞላር (በሊትር 0.05 ሞል) የነበረ ፈሳሽ ዛሬ ያን ያህል ላይሆን ይችላል። በየጊዜው በቲዮሰልፌት (አዮዲንን ወደ አዮዳይድ በሚለውጥ ጨው) መፈተሽ አለበት፤ ቲዮሰልፌቱ ደግሞ በሌላ ነገር መፈተሽ አለበት። እኔ የምመክረው ፖታሲየም አዮዴትን ነው። ደረቅ ዱቄት ስለሆነ ይደርቃል፣ ይመዘናል፤ የተመዘነው ቁጥር ራሱ የፈሳሹን ጥንካሬ ይነግርዎታል። አሲድና የተትረፈረፈ አዮዳይድ ባለበት ፍላስክ ውስጥ ሲገባ አንድ ሞል አዮዴት ሦስት ሞል አዮዲን ያወጣል። አዮዲኑ እዚያው ተፈጥሮ እዚያው ስለሚጠፋ ለመትነን ጊዜ አያገኝም።

ከዚህ የሚገኘውን ቁጥር በቃልዎ ይያዙት። የአስኮርቢክ አሲድ ሞላር ክብደት 176.12 ስለሆነ፣ እያንዳንዱ 1 ሚሊ ሊትር 0.01 ሞላር ፖታሲየም አዮዴት ከ5.284 ሚሊ ግራም አስኮርቢክ አሲድ ጋር እኩል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ኬሚካሎች፦

- ፖታሲየም አዮዴት፣ ለትንተና የተዘጋጀ ደረጃ
- ፖታሲየም አዮዳይድ፣ ነጭና ደረቅ
- የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ
- የሚሟሟ ስታርች
- የማመሳከሪያ አስኮርቢክ አሲድ፣ ንጽሕናው በምስክር ወረቀት የተረጋገጠ
- የተጣራ ውሃ፣ 2 ሊትር ያህል
- ለማስወገጃ ትንሽ ሶዲየም ቲዮሰልፌትና ሶዲየም ባይካርቦኔት
- ከአንድ የምርት ቁጥር የተወሰዱ ቢያንስ 20 እንክብሎች

ዕቃዎች፦

- 25 ሚሊ ሊትር ቡሬት ከነማቆሚያው (50 ሚሊ ሊትሩም ይሠራል)
- 500 ሚሊ ሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ (አንገቱ ላይ የመጠን ምልክት ያለው)
- 250 ሚሊ ሊትር ሾጣጣ ፍላስኮች፣ ቢያንስ ስድስት
- 10 ሚሊ ሊትር ፒፔት ከነመሳቢያ ጎማው
- የሸክላ ወይም የመስታወት ሙቀጫ ከነዘነዘናው
- ማድረቂያ ምድጃና ዴሲኬተር (ዕቃን ከእርጥበት ጠብቆ የሚያቆይ የተከደነ ዕቃ)
- ነጭ ወረቀት፣ መነጽር፣ ጓንት፣ ጋዋን

ሁለት ማሳሰቢያ። የመጀመሪያው ስለ አዮዴቱ ነው። አገራችን ውስጥ የገበታ ጨው በአዮዲን የሚበለጸገው በፖታሲየም አዮዴት ስለሆነ አንዳንድ ሰው ለዚያ ሥራ ከተገዛ ከረጢት ቀንሶ ለመጠቀም ያስባል። ለጨው የሚሆነው ለዚህ ሥራ አይሆንም። እዚህ የሙሉ ስሌቱ መሠረት የዱቄቱ ንጽሕና ነው፤ በአዮዴቱ ላይ ያለ የ2 በመቶ ጉድለት ሳይታይ ወደ ውጤትዎ ያልፋል። ሁለተኛው ስለ ሙቀጫው ነው። የብረት ወይም የነሐስ ሙቀጫ አይጠቀሙ። ጥቂት መዳብና ብረት እንኳ ቫይታሚን ሲ በአየር እንዲበላሽ ያፋጥናሉ።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

- ሰልፈሪክ አሲድን ወደ ውሃ ያፍስሱ፤ ውሃን ወደ አሲድ በፍጹም አያፍስሱ። ውሃ በአሲድ ላይ ከፈሰሰ በቅጽበት ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል።
- ፖታሲየም አዮዴት ኃይለኛ ኦክሳይድ አድራጊ ነው። ከወረቀት፣ ከስኳር፣ ከድኝና ከመሰል ተቀጣጣይ ነገሮች ያርቁት፤ ከእነርሱም ጋር ደርቆ አይፈጭ።
- ፒፔትን በአፍ መሳብ ክልክል ነው።
- የለኩትን እንክብል ትራፊ ማንም እንዲውጠው አይተዉ፤ ቤተ ሙከራ የገባ መድኃኒት ከዚያ በኋላ ናሙና ነው።

ፈሳሾቹን ማዘጋጀት

1. ውሃውን ያፍሉ። 1.5 ሊትር የተጣራ ውሃ ለ15 ደቂቃ አፍልተው፣ ከድነው ያቀዝቅዙ። ምክንያቱ በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጂን ነው፤ እንክብሉ ሲሟሟ ቫይታሚኑን መብላት ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ቢፈላም አያስቡ፤ ኦክስጂኑን የሚያስወጣው መፍላቱ ነው። ውሃው ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ድረስ አይጠቀሙበት።

2. አዮዴቱን ያድርቁ። 2 ግራም ያህል በትንሽ የመመዘኛ ዕቃ አድርገው በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ2 ሰዓት ያድርቁ፤ ከዚያ በዴሲኬተር ውስጥ ያቀዝቅዙ። ትኩስ ዕቃ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ የሚነሣው ሞቃት አየር ክብደቱን አሳንሶ ያሳያል።

3. አዮዴቱን መዝነው ያሟሙ። 1.07 ግራም አካባቢ ይመዝኑና የተነበበውን ቁጥር በሙሉ ይጻፉ። ልክ 1.0700 ለማድረስ ዱቄት እየጨመሩና እየቀነሱ አይድከሙ፤ ልዩነቱን በስሌት እናስተካክላለን። በ500 ሚሊ ሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ ውስጥ በውሃ ያሟሙት፤ ሙሉ በሙሉ መሟሟቱን ካዩ በኋላ ብቻ እስከ ምልክቱ ይሙሉ። ከድነው ቢያንስ 15 ጊዜ እየገለበጡ ያዋህዱት። ይህ ፈሳሽ በተከደነ ጠርሙስ ለወራት ይቆያል።

4. 1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ያዘጋጁ። ወደ 400 ሚሊ ሊትር ውሃ 28 ሚሊ ሊትር የተከማቸ አሲድ በዝግታ፣ እያማሰሉ ይጨምሩ። ሲበርድ ወደ 500 ሚሊ ሊትር ያድርሱት። እዚህ ላይ ትክክለኛነት አያስጨንቅም፤ አሲዱ በቂ መሆኑ ብቻ ይበቃል።

5. የስታርች ፈሳሽ ያዘጋጁ። 1 ግራም የሚሟሟ ስታርች በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ቀጭን ሊጥ ያድርጉት፤ ከዚያ ወደ 100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ እያማሰሉ ያፍስሱት። አንድ ደቂቃ አፍልተው ያቀዝቅዙ። ደረቁን ስታርች በቀጥታ የፈላ ውሃ ውስጥ ከጨመሩት ይጓጉላል፤ የጓጎለ ስታርች ደግሞ ቀለሙን ዘግይቶ ያሳያል። በየሥራው ቀን አዲስ ያዘጋጁ፤ ያደረ ስታርች ጥርት ያለ ሰማያዊ ትቶ ቀይ ወይን ጠጅ ያሳያል።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር፤ በተለይ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት አካባቢዎች ለሚሠሩ። የውሃ መጠን ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ 0.25 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፈሳሹን ባዘጋጁበት ሙቀት ላይ ከተጠቀሙበት ስሕተቱ ራሱን ያጣፋል። በማለዳ ቅዝቃዜ አዘጋጅተው በቀትር ሙቀት ከተጠቀሙበት ግን ውጤቱን ይነካል።

እንክብሉን ማዘጋጀት

6. 20 እንክብሎችን በአንድነት ይመዝኑ፤ አማካዩን ያውጡ። እንክብል ከእንክብል በክብደት ይለያያል። አንዱን ብቻ ፈጭተው ከለኩ የለኩት የዚያን እንክብል ዕድል እንጂ የምርቱን ይዘት አይደለም። መለያውንም በዚሁ ጊዜ በጥንቃቄ ያንብቡ። «ሶዲየም አስኮርቤት» የሚል ከሆነ 562.4 ሚሊ ግራም ሶዲየም አስኮርቤት ማለት 500 ሚሊ ግራም አስኮርቢክ አሲድ ማለት ነው። አንዳንድ እንክብል ሁለቱን ቀላቅሎ ይይዛል።

7. ሁሉንም በፍጥነት ወደ ልም ዱቄት ይፍጩ። በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ የሚቆረቁር ነገር እስኪጠፋ ድረስ። ዱቄቱን ወዲያው ወደሚከደን ጠርሙስ ያዛውሩት። የተፈጨ እንክብል ለአየርና ለእርጥበት የተጋለጠ ስለሆነ ፈጭቶ ማሳደር አይገባም።

8. 100 ሚሊ ግራም ቫይታሚን የሚይዝ ዱቄት ሦስት ጊዜ ለየብቻ ይመዝኑ። መጠኑን የሚያገኙት እንዲህ ነው፤ የአንድ እንክብል አማካይ ክብደት ሲባዛ በ100፣ ሲካፈል መለያው ላይ በተጻፈው ሚሊ ግራም። እያንዳንዱን በየራሱ ሾጣጣ ፍላስክ ያድርጉና ክብደቱን እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ይጻፉ። ብዙዎች አንድ ጊዜ መዝነው በትልቅ ፍላስክ ካሟሙ በኋላ ከዚያ እየቀዱ ሦስት ጊዜ ይለካሉ። ያ ሦስት መለኪያ ይመስላል እንጂ ሚዛኑ ላይ የተሠራ ስሕተት በሦስቱም ላይ እኩል ይደገማል፤ ፈሳሹም ተራውን ሲጠብቅ ቫይታሚኑ ይቀንሳል።

መለካቱ

9. ቡሬቱን ያዘጋጁ። በተጣራ ውሃ፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ በጥቂት አዮዴት ፈሳሽ ያለቅልቁት። ውሃ ብቻ የነካው ቡሬት ፈሳሹን ያቀጥናል። ከሞሉት በኋላ ከመክፈቻው በታች ያለውን ጫፍ ይመልከቱ፤ እዚያ የተደበቀች የአየር አረፋ በሥራው መካከል ብትወጣ ያልፈሰሰ ፈሳሽ እንደፈሰሰ ሆኖ ይነበባል።

10. መጀመሪያ ባዶ ሙከራ ያድርጉ። በሾጣጣ ፍላስክ 50 ሚሊ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ፣ 10 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ፣ 1 ግራም ፖታሲየም አዮዳይድና 2 ሚሊ ሊትር ስታርች ይጨምሩ፤ እንክብል የለበትም። አንድ ጠብታ አዮዴት ሰማያዊ ሊያደርገው ይገባል። የፈሰሰውን መጠን ይጻፉ። ገና ምንም ጠብታ ሳይገባ ሰማያዊ ከሆነ ሥራውን ያቁሙ። ወይ ውሃው ክሎሪን አለበት፤ የቧንቧ ውሃ በስሕተት ሲገባ የሚሆነው ይህ ነው። ወይም አዮዳይዱ አርጅቷል፤ ጠርሙሱን ከፍተው ቢያዩት ቢጫ ጥላ አጥልቶበት ያገኙታል።

11. ቀጥሎ የማመሳከሪያውን አስኮርቢክ አሲድ ይለኩ። 100 ሚሊ ግራም ያህል በትክክል መዝነው ከታች በተራ ቁጥር 12 እና 13 እንደተገለጸው ይሥሩት። በምስክር ወረቀቱ ላይ ካለው ንጽሕና በ1 በመቶ ውስጥ ካልመጣ ወደ እንክብሉ አይሂዱ። ሚዛኑ፣ አዮዴቱ፣ ቡሬቱና ዓይንዎ በአንድ ጊዜ የሚፈተኑት እዚህ ነው። ያለዚህ ፈተና «እንክብሉ ጎድሏል» የሚል ድምዳሜ ላይ መድረስ ለአምራቹም ለታካሚውም ፍትሐዊ አይደለም።

12. እንክብሉን ያሟሙ። አንዱን ፍላስክ ብቻ ይውሰዱ። 50 ሚሊ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ እና 10 ሚሊ ሊትር አሲድ ጨምረው ለ2 ደቂቃ በእርጋታ ያወዛውዙ። አሲዱ ሁለት ሥራ አለው፤ ቫይታሚኑን ከአየር ጥቃት ይጠብቀዋል፣ አዮዴቱና አዮዳይዱም እንዲገናኙ ያደርጋል። ታልክና ሴሉሎስን የመሰሉ የማይሟሙ ነገሮች ፈሳሹን ደመና ቢያስመስሉት ማጣራት አያስፈልግም። ቀጥሎ 1 ግራም አዮዳይድና 2 ሚሊ ሊትር ስታርች ይጨምሩ። ሌሎቹን ፍላስኮች ደረቅ እንደሆኑ ይተዉአቸው፤ ሦስቱን በአንድ ጊዜ አሟምተው ካሰለፏቸው ሦስተኛው ተራው እስኪደርስ ቫይታሚን እያጣ ይቆያል።

13. ሳይዘገዩ ይለኩ። ፍላስኩን በነጭ ወረቀት ላይ አድርገው በአንድ እጅ እያወዛወዙ አዮዴቱን ይልቀቁ። መጀመሪያ ላይ ምንም አይታይም። ከዚያ ጠብታው ባረፈበት ቦታ ሰማያዊ ነጥብ ብቅ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። ነጥቡ ለመጥፋት አንድ ሁለት ጊዜ መወዛወዝ መጠየቅ ሲጀምር ተቃርበዋል፤ ከዚህ በኋላ ጠብታ በጠብታ ይሂዱ፤ የፍላስኩን የውስጥ ግድግዳም በጥቂት ውሃ ያጥቡ። ማብቂያው ሰማያዊው መላውን ፈሳሽ ሸፍኖ፣ እየተወዛወዘ 30 ሰከንድ የሚቆይበት ነው። ንባቡን ዓይንዎን ከፈሳሹ ወለል ጋር አስተካክለው፣ የጎድጓዳውን ታችኛ ጠርዝ ያንብቡ። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ይህም ከ100 ሚሊ ግራም ውስጥ 0.26 ሚሊ ግራም ስለሆነ በጠብታ መሳሳት ትልቅ ጉዳት የለውም። የሚጎዳው መቸኮል ነው።

14. የቀሩትን ሁለቱንም እንዲሁ ያድርጉ። ሦስቱን ሲያነጻጽሩ የፈሰሰውን ሚሊ ሊትር ብቻ አይመልከቱ፤ የተመዘነው ዱቄት ስለሚለያይ ለእያንዳንዱ ግራም ዱቄት ስንት ሚሊ ሊትር እንደፈሰሰ ያስሉ። ልዩነቱ ከ1 በመቶ በላይ ከሆነ አራተኛና አምስተኛ ይመዝኑ።

ስታርቹ መቼ ይጨመር የሚለው ብዙ ሰው የሚያደናግረው ነጥብ ስለሆነ ላብራራው። አዮዲን አስቀድሞ ፍላስኩን ሞልቶ በቲዮሰልፌት በሚቀነስበት ሥራ ስታርች የሚጨመረው ወደ መጨረሻው ነው፤ ብዙ አዮዲን ስታርቹን አጥብቆ ስለሚይዘው ቀለሙ በጊዜው አይለቅም። እዚህ ግን እስከ ማብቂያው ድረስ ነጻ አዮዲን በፍላስኩ ውስጥ ስለማይኖር ከመጀመሪያው መጨመር ትክክል ነው። አንዳንድ እንክብል ራሱ ስታርች በማያያዣነት ይይዛል፤ ቢሆንም የእርስዎን መጨመር አይተዉ።

ስሌቱ

ለምሳሌ እንዲህ አገኙ እንበል።

- መለያው፦ 500 ሚሊ ግራም
- የ20 እንክብሎች ክብደት፦ 14.2360 ግራም፤ አማካይ 0.7118 ግራም
- የተመዘነ አዮዴት፦ 1.0724 ግራም
- የተመዘነ ዱቄት፦ 0.1431 ግራም
- የፈሰሰ፦ 18.85 ሚሊ ሊትር፤ ባዶ ሙከራ 0.05 ሚሊ ሊትር

ሀ. አዮዴቱ ከ1.0700 ትንሽ ስለበለጠ ቁጥሩን እናስተካክላለን፤ 5.284 × 1.0724 ÷ 1.0700 = 5.296 ሚሊ ግራም ለእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር።

ለ. ባዶ ሙከራውን ቀንሰን 18.80 ሚሊ ሊትር እናገኛለን፤ 18.80 × 5.296 = 99.56 ሚሊ ግራም ቫይታሚን በተመዘነው ዱቄት ውስጥ።

ሐ. ወደ አንድ እንክብል ስንመልሰው 99.56 × 0.7118 ÷ 0.1431 = 495.2 ሚሊ ግራም።

መ. ከመለያው አንጻር 495.2 ÷ 500 = 99.0 በመቶ።

በአሜሪካ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒቶች የጥራት መስፈርት መጽሐፍ) መሠረት የአስኮርቢክ አሲድ እንክብል መለያው ላይ ከተጻፈው ከ90.0 እስከ 110.0 በመቶ ሊይዝ ይገባል። አዲስ ምርት 103 ወይም 105 በመቶ ቢያሳይ አይደንግጡ፤ አምራቾች በመደርደሪያ ላይ የሚጠፋውን አስበው ጥቂት አስበልጠው መጨመራቸው የተለመደ ነው። ከገደቡ ውጭ የሆነ ቁጥር ካገኙ ግን ከመናገርዎ በፊት አዲስ ዱቄት ይመዝኑ፣ የማመሳከሪያውን ሙከራ ይድገሙ። በአስተዳደር ወይም በሕግ ውሳኔ የሚያስከትል ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ምርቱ በተመዘገበበት ፋርማኮፒያ ዘዴ፣ ሥልጣን ባለው ቤተ ሙከራ መሠራት አለበት። ከላይ የጻፍኩት ለትምህርትና ለመጀመሪያ ማጣሪያ የሚሆን አሠራር ነው።

ይህ ውጤት የ20 እንክብሎችን አማካይ እንደሚነግርም አይርሱ። አንዱ 400፣ ሌላው 600 ቢይዝ አማካዩ ያው 500 ነው። የአንዱን ከሌላው መመሳሰል ማወቅ ከፈለጉ እንክብሎቹን አንድ በአንድ መለካት ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

*ሰማያዊው እየመጣ እየጠፋ አልጨርስ ይላል።* ዱቄቱ ገና እየሟሟ ነው። ቀስ በቀስ እንዲለቅቁ የተሠሩ ወይም የቫይታሚኑ ቅንጣት የተሸፈነባቸው እንክብሎች ይህን ያሳያሉ። መፍትሔው ይበልጥ ማላምና የማሟሟቱን ጊዜ ማራዘም ነው። ማሞቅ አይደለም፤ በሙቅ ፈሳሽ ውስጥ የስታርቹ ቀለም ይደበዝዛል፣ ቫይታሚኑም ይጠፋል።

*ውጤቱ ሁልጊዜ ዝቅ ይላል።* በቅደም ተከተል እነዚህን ይፈትሹ፦ እንክብሉ ከሟሟ በኋላ ቆይቷል? ውሃው ፈልቷል? ከመዳብ ጋር የነካካ ዕቃ አለ? ዱቄቱ ፈጭተውት አድሮ ነበር? ከማብቂያው ጠብታ በፊት አቁመዋል?

*ውጤቱ ከፍ ይላል።* ብዙውን ጊዜ ማብቂያው ታልፏል፤ ወይም አረፋ ነበረ፤ ወይም እንክብሉ ውስጥ አዮዲን የሚበላ ሌላ ነገር አለ። ይህ ሦስተኛው የዘዴው እውነተኛ ድክመት ነው፤ አዮዲን ቫይታሚን ሲን ከሰልፋይት ለይቶ አያውቅም።

*ሦስቱ ንባቦች አይስማሙም።* በደንብ ያልተፈጨ ወይም በጠርሙሱ ውስጥ ተለያይቶ የተቀመጠ ዱቄት ነው። ከመመዘንዎ በፊት ጠርሙሱን ያገላብጡ።

*የእንክብሉ ብርቱካናማ ቀለም ያስቸግራል።* የሚታኘኩ እንክብሎች ላይ ማብቂያው ሰማያዊ ሳይሆን ድንገት የሚጠቁር፣ ወደ አረንጓዴ ቡናማ የሚያደላ ይሆናል። ያልተለካ ተመሳሳይ ፍላስክ ጎን ለጎን አስቀምጠው ያነጻጽሩ።

ከተራ እንክብል ውጭ

ውሃ ውስጥ የሚፈሉት እንክብሎች ባይካርቦኔት ስላላቸው አሲዱ በአንድ ጊዜ ሲገባ አረፋው ናሙናውን ይዞ ይወጣል። አሲዱን በጠብታ ይጨምሩ፣ ጋዙ እስኪያልቅ ይጠብቁ፤ ፈሳሹ በቂ አሲድ መያዙን በአመልካች ወረቀት ያረጋግጡ።

ቫይታሚን ሲን ከብረትና ከመዳብ ጋር የያዙ የብዙ ቫይታሚን እንክብሎችን በዚህ መንገድ አይለኩ። መዳብና ኦክሳይድ የሆነ ብረት ራሳቸው ከአዮዳይዱ አዮዲን ያወጣሉ፤ ያ አዮዲን ከቡሬቱ ያልመጣ ስለሆነ ውጤቱን ዝቅ ያደርገዋል። ለእነዚህ ኤችፒኤልሲ ያስፈልጋል፤ አቋራጭ የለውም።

በመርፌ የሚሰጠው ቫይታሚን ሲ መከላከያ እንዲሆነው ሰልፋይት ሊጨመርበት ይችላል። መለያው ላይ ባይሰልፋይት ወይም ሜታባይሰልፋይት የሚል ካዩ ከላይ ያለው አሠራር ሰልፋይቱንም እንደ ቫይታሚን ይቆጥረዋል። የተበላሸ መርፌ ጤነኛ መስሎ ሊያልፍ ስለሚችል ይህ ቸል የሚባል ነገር አይደለም፤ በፋርማኮፒያው ለመርፌው የተለየ ዘዴ ይሥሩት።

ማስወገድና ማጽዳት

በፍላስኮቹ ውስጥ የቀረውን ሰማያዊ ፈሳሽ በጥቂት ሶዲየም ቲዮሰልፌት ቀለሙን ያጥፉ፤ ከዚያ አሲዱን በባይካርቦኔት፣ አረፋው እስኪቆም ድረስ፣ ያለዝቡትና ቤተ ሙከራው በሚያስወግድበት ሥርዓት ያስወግዱት። የተረፈ አዮዴት ፈሳሽ መለያ፣ የተዘጋጀበት ቀንና የተመዘነው ክብደት ተጽፎበት ይቀመጥ። አዮዴት በቡሬት ውስጥ አያድርም፤ ደርቆ መክፈቻውን ያጣብቀዋል። ቡሬቱን በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው፣ መክፈቻውን ከፍተው፣ ገልብጠው ይስቀሉት።